ፎንቱንም አብረህ ላክልኝ

በ1990ዎቹ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ የአማርኛ ጽሑፍ በፍሎፒ ዲስክ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲሄድ፣ ተቀባዩ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ይዘቱ አልነበረም። «በምንድነው የተጻፈው?» ነበር ጥያቄው። በአጋፋሪ? በግዕዝ ኤዲት? በቪዥዋል ግዕዝ? በፓወር ግዕዝ? መልሱ ካልታወቀ፣ ወይም ታውቆም ያ ፕሮግራም ተቀባዩ ጋ ከሌለ፣ ደብዳቤው ሲከፈት የሚወጣው የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። ስለዚህ ጽሑፍ የሚልክ ሰው ሁልጊዜ አንድ ነገር ይባል ነበር፦ «ፎንቱንም አብረህ ላክልኝ»። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ያን ጊዜ ዳዴ የምል ሕፃን ነበርኩ። ዛሬ ሥራዬ ለሞባይል አፕ የሚሆኑ ላይብረሪዎችን መሥራትና ሌሎች የሠሯቸውን ከአፕ ጋር ማገናኘት ነው። እና ይህችኑ ዓረፍተ ነገር ቃሏን ቀይሬ በየሳምንቱ እናገራታለሁ ማለት ይቻላል። «ፎንቱን» በሚለው ቦታ «ዲፔንደንሲዎቹን» ብላችሁ አንብቡት። የኢትዮጵያ ዲቨሎፐሮች ይህን ችግር ገና አሁን የገጠማቸው ይመስላቸዋል። እኔ ግን ችግሩን ከእኛ በፊት የነበሩ ሰዎች አንድ ጊዜ ኖረውበት፣ ብዙ ከፍለውበት፣ መፍትሔውንም አግኝተውለት ነበር ባይ ነኝ።

የተፈጨ በርበሬ

የኮድ ሰው ላልሆናችሁ ነገሩን በበርበሬ ላስረዳ። ዛላውን ገዝታችሁ ቤት ውስጥ ስታዘጋጁት ምን እንደገባበት ታውቃላችሁ። ኮረሪማው፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ጥቁር አዝሙዱ በዓይን ይታያል። ወፍጮ ቤት ገብቶ ከወጣ በኋላ ግን ቀይ ዱቄት ነው። ውስጡ ምን እንዳለ የሚያውቀው ያዘጋጀው ሰው ብቻ ነው፤ እናንተ ጋ የሚቀረው ማመን ነው።

ሶርስ ኮድ ዛላው ነው፤ ኮምፓይል ማድረግ መፍጨት ነው። ባንኮች፣ የክፍያ ድርጅቶች፣ የካርታ ኩባንያዎች ላይብረሪያቸውን ለሌላ አፕ ሠሪ ሲሰጡ አብዛኛውን ጊዜ ፈጭተው ነው የሚሰጡት። ምክንያታቸው አይጠፋም፤ አሠራራቸውን ማሳየት አይፈልጉም፣ ተቀባዩ ኮዱን ነካክቶ እንዲያበላሽባቸውም አይፈልጉም። በአንድሮይድ ይህ የተፈጨ ነገር ኤኤአር በሚባል ፋይል ይመጣል፤ በአይፎን ደግሞ ኤክስሲፍሬምወርክ በሚባል።

ችግሩ ላይብረሪ ብቻውን አይሠራም። ኢንተርኔት ላይ መረጃ ለመላክ የሌላ ሰው ላይብረሪ ይጠራል፤ ያም በተራው ሌላ ይጠራል። ኤኤአር ፋይል ውስጥ ደግሞ እነዚህ የሚጠራቸው በራሳቸው አይገቡም። በርበሬው ሲዘጋጅ «ቅቤና ሽንኩርቱ እነሱ ጋ አለ» ተብሎ ታስቧል። ቅቤው ከሌላችሁስ? ወይም ያላችሁ ቅቤ የታሰበው ዓይነት ባይሆንስ?

256 ሳጥን

የግዕዝ ፊደልን ኮምፒውተር ላይ ያወጡት ሰዎች የገጠማቸው ይህ ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ አቶ ፍስሐ አጥላው በዳሽን ኢንጂነሪንግ በኩል፣ በኮሎራዶ የሚኖሩት ዶ/ር አበራ ሞላም በራሳቸው መንገድ የአማርኛ መጻፊያ ሠሩ። አገር ቤት ደግሞ የኢትዮጵያ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን አጋፋሪን አወጣ። ከዚያ ሌሎች ተከተሉ፤ የመጻፊያው ዓይነት በዛ።

በዚያ ዘመን አንድ ፎንት በቁጥር የተሰየሙ 256 ሳጥኖች ብቻ ነበሩት። ከነዚያም ውስጥ የተወሰኑት ኮምፒውተሩ ለራሱ የያዛቸው ስለሆኑ አይነኩም። የእኛ ፊደል ግን ከነቁጥሩና ከነሥርዓተ ነጥቡ 300ን ያልፋል። አይገባም። እያንዳንዱ ሠሪ የራሱን መላ መታ። አንዱ ፊደሉን ለሁለት ፎንት አካፈለው። ሌላው የፊደሉን ግንድና ቅጥያውን ለየብቻ አስቀምጦ ጽሑፉ ላይ እንዲገጣጠሙ አደረገ። ሌላው ብዙም የማይጠቀሙባቸውን ፊደላት ወደ ተጨማሪ ፎንት አስወጣ።

ሁሉም መላ ይሠራል፤ ለብቻው። ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጠው ግን ፊደሉ ሳይሆን የሳጥኑ ቁጥር ነው። እንበል ፋይሉ «104» ይላል። በመደበኛው አቀማመጥ ይህ የላቲኑ «ኤች» ቦታ ነው። አንዱ ፎንት እዚያ ሳጥን ውስጥ «ሀ»ን ያስቀምጣል፣ ሌላው «ሸ»ን፣ ሦስተኛው የ«ቶ»ን ግማሽ። ፋይሉ የትኛውን ሰንጠረዥ አምኖ እንደተጻፈ የሚናገር ነገር በውስጡ የለም፤ ቢበዛ የፎንቱን ስም ይይዛል። ሰንጠረዡ ያለው ፕሮግራሙ ውስጥ ተፈጭቶ ነው።

እነዚህን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም። የጋራ መሠረት በሌለበት ዘመን ሁሉንም ነገር በራስ ጥቅል ውስጥ ከማሸግ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም፤ እነሱ ባይኖሩ የዚያ ዘመን ጋዜጣና መጽሐፍ በኮምፒውተር ባልተለቀመ ነበር። ነገር ግን የአሠራሩ ዕዳ እስከ ዛሬ ይከፈላል። ጀሞም ሆነ መካኒሳ አንድ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ የቆየ የአማርኛ ፋይል አስከፍቱ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የምታየው ፎንቱን ነው።

ንፋስ ስልክ

የምኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። «ንፋስ ስልክ» ድሮ ሬዲዮ ቴሌግራፍን፣ ያለ ሽቦ በአየር የሚሄደውን መልእክት የሚያስታውስ ስም ነው። ስሙ ሁሌ ይገርመኛል፤ ምክንያቱም ሽቦውን ማስወገድ ቀላሉ ክፍል ነው። የሚከብደው ላኪና ተቀባይ አንድ ዓይነት የኮድ ሰንጠረዥ መያዛቸው ነው። ምልክቱ በአየር ይሄዳል፣ ሰንጠረዡ ግን አስቀድሞ ሁለቱም ጋ መኖር አለበት።

ለፊደላችን ይህን ሰንጠረዥ የሰጠው ዩኒኮድ ነው። የዩኒኮድ ኮንሰርሺየም በ1991 ተመሠረተ። በ1992 የወጣው የመጀመሪያው ቴክኒካዊ ሪፖርቱ የበርማን፣ የክመርንና የኢትዮጵያን ፊደላት ረቂቅ የያዘ ነበር። የእኛን ክፍል በማዘጋጀቱ ሥራ አቶ ፍስሐ ከዜሮክሱ ጆ ቤከር ጋር አብረው ሠርተዋል። በዚሁ ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» የተባለውን አሠራር ዘረጉ፤ አማርኛን በላቲን ፊደል ቁልፎች፣ በታወቀና በተጻፈ ሕግ የመወከል ዘዴ ነው። በመስከረም 1999 ዩኒኮድ 3.0 ወጣ፤ ግዕዝ በ345 ምልክቶች ገባ። «ሀ» በአሥራ ስድስትዮሽ አቆጣጠር 1200 የሚል ቁጥር ተሰጣት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ይህ ቁጥር የትም ቦታ፣ በማንም ፕሮግራም «ሀ» ነው።

ልብ በሉ፤ ዩኒኮድ ለማንም ፎንት አልሰጠም። የሰጠው ዝርዝር ነው። «ፋይልህ 1200 ካለ ተቀባዩ ‹ሀ›ን የሚያሳይ ነገር ሊኖረው ይገባል» የሚል ግልጽ ዝርዝር። ፎንቱን ማንም ይሥራው፣ ተቀባዩ የፈለገውን ይጫን።

ዝርዝር ብቻውን ግን አያበላም። ማይክሮሶፍት ኒያላ የተባለውን ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ለሕዝብ ያደረሰው በጥር 2007 ነው። ከ1999 እስከ 2007 ድረስ ስምምነቱ ነበረ፤ ብዙው ኮምፒውተር ግን ሲገዛ ፊደሉን ይዞ አይመጣም ነበር። ደረጃው ወጥቶም «ፎንቱን አብረህ ላክልኝ» ለዓመታት ቀጠለ።

የድሮዎቹን ፋይሎችስ ማን አዳናቸው? እዚህ ላይ ዳንኤል ያዕቆብ በድጋሚ ይመጣል። እሱና መሰሎቹ የየፎንቱን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ የትኛው ሳጥን የትኛው ፊደል እንደሆነ እየመዘገቡ፣ ወደ ዩኒኮድ የሚቀይሩ ፕሮግራሞች ጻፉ። ሥራውን ሳስበው የሚታየኝ አንድ ነገር ነው፦ ሠሪዎቹ ያኔ ከጥቅላቸው ጋር አንድ ገጽ ዝርዝር ቢያያይዙ ኖሮ ይህ ሁሉ የለቀማ ሥራ ባላስፈለገ ነበር።

ከኮምፒውተር ወደ ስልክ

ታሪኩ ስልክ ላይ እንደ አዲስ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የግዕዝ ፎንት አልነበረም፤ የአማርኛ መልእክት ሲመጣ ባዶ ሳጥን በሰልፍ ይታያል። አፕ ሠሪው ምን ያድርግ? ፎንቱን አፑ ውስጥ አሸገው። መጽሐፍ ቅዱስ ልታነቡ አንድ አፕ ከነፎንቱ፣ መዝገበ ቃላት ሌላ አፕ ከነፎንቱ። አሁን ስልኩ ራሱ ፊደሉን ይዞ ስለሚመጣ ይህ ነገር ከውበት ምርጫ አያልፍም። መሠረቱ ሲሰፋ ጥቅሉ ይቀልላል።

ከፊደሉ ቀጥሎ የመጣው የዘመን አቆጣጠራችን ነው። 13 ወር የሚቆጥር አፕ መሥራት የፈለገ የጃቫ ዲቨሎፐር ጆዳ ታይም የተባለውን ላይብረሪ ያገኛል፤ የኢትዮጵያን አቆጣጠር ያውቃል። በ2014 የወጣው ጃቫ 8 የራሱን አዲስ የቀን አሠራር ሲያመጣ የጃፓንን፣ የታይላንድን፣ የታይዋንን፣ የሂጅራን አቆጣጠር ይዞ መጣ። የእኛ አልነበረም፤ በተጨማሪ ላይብረሪ ነው የሚገኘው። አንድሮይድ ላይ ከ2016ቱ 7.0 ጀምሮ ግን የኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲስተሙ ውስጥ ገብቷል።

ስለዚህ ዛሬ የቀን መምረጫ ላይብረሪ ሠርታችሁ ፈጭታችሁ ልትሰጡ ብትፈልጉ ውሳኔ አለባችሁ። ላይብረሪያችሁ ለተጠቃሚው የጆዳን የቀን ዓይነት የሚመልስ ከሆነ፣ ተጠቃሚው ሁሉ ጆዳን መያዝ ግዴታው ሆነ። ዓመት፣ ወር፣ ቀን የሚሉ ሦስት ተራ ቁጥሮች የሚመልስ ከሆነ ግን ውስጥ ምን እንደተጠቀማችሁ የእናንተ ጉዳይ ነው። ነገ ብትቀይሩትም የሚያውቅባችሁ የለም። ግሬድል ላይ «ኤፒአይ» እና «ኢምፕሊመንቴሽን» የሚባሉት ሁለት ቃላት ልዩነታቸው ይኸው ነው፦ በር ላይ የሚታየውና ጓዳ የሚቀረው።

ከቴሌግራም የመጣ ፋይል

አሁን ወደ ራሴ ገጠመኝ ልምጣ። ለፋሲካ ገበያ መድረስ የነበረበት የአንድ ነጋዴ አፕ ነበር። ክፍያ የሚቀበልበትን ላይብረሪ ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት በቴሌግራም ላከልን፦ አንድ ዚፕ፣ ውስጡ አንድ ኤኤአር፣ አንድ ባለ ሦስት ገጽ ፒዲኤፍ። ቢልዱ አለፈ። አፑ ተከፈተ። «ክፈል» የሚለው ቁልፍ ሲነካ አፑ ድርግም አለ። ላይብረሪው የሚጠራው አንድ ክላስ የለም። ያንን ፈልገን ጨመርን፤ ሌላ ጎደለ። ስንጠይቅ መልሱ «እኛ ጋ ይሠራል» ነበር። እነሱ ጋ መሥራቱ እውነት ነው፤ ቅቤው እነሱ ጓዳ አለ እኮ!

በሁለተኛው ዙር ያስተካከሉ መስሏቸው ሁሉንም ዲፔንደንሲ አንድ ላይ ፈጭተው ላኩት። ይህ በእኛ ሙያ «ፋት ኤኤአር» ይባላል። አሁን ደግሞ ቢልዱ ራሱ እምቢ አለ፤ አንድ ክላስ ሁለት ቦታ ተገኘ ይላል። የእኛ አፕ ኦኬኤችቲቲፒ የተባለውን የታወቀ ላይብረሪ አዲሱን ስሪት ይጠቀማል፤ እነሱ የፈጩት አሮጌውን ነው። አንድ ስም ያላቸው ሁለት ክላሶች አንድ አፕ ውስጥ አይገቡም።

ሦስተኛው ዙር ሠራ። ኤኤአሩ ፖም ከሚባል ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ጋር መጣ። ፖም ፋይል ማለት «እኔ እነዚህን እፈልጋለሁ፣ ስሪታቸውም ይህ ነው» የሚል ዝርዝር ነው። ግሬድል ያነበዋል፣ የጎደለውን ራሱ ያመጣል፣ አንድ ላይብረሪ በሁለት ስሪት ከተጠራም ከፍ ያለውን መርጦ አንዱን ብቻ ያስገባል። የፖም ፋይሉ መጠን ከአንድ የቴሌግራም ስቲከር አይበልጥም። ያ ነጋዴ ግን ከገበያው ሳምንት ግማሹን ያለ ክፍያ ቁልፍ አሳልፏል።

ማሸግ ሁልጊዜ ስህተት ነው ማለቴ አይደለም። ትንሽ፣ ሌላ ሰው የማይጠቀምበት፣ የማይለዋወጥ ነገር ከሆነ የፓኬጁን ስም ቀይሮ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ግጭት አይፈጥርም። ግን ያሸጋችሁትን ተናገሩ። በታኅሣሥ 2021 ሎግፎርጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ ከባድ የደህንነት ቀዳዳ ሲገለጥ ዓለምን ያስጨነቀው ቀዳዳውን መድፈኑ አልነበረም፤ ማስተካከያው ቶሎ ወጥቷል። ያስጨነቀው «እኛ ጋ አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ነበር። ላይብረሪው በሌላ ጥቅል ውስጥ፣ ያም በሌላ ጥቅል ውስጥ ተፈጭቶ ስለነበር ብዙዎች ቤታቸው ውስጥ መኖሩን እንኳ አያውቁም ነበር። በዚያ ላይ የፈቃድ ጉዳይ አለ፦ የሌላ ሰው ሥራ አሽጎ ሲሰጥ የፈቃዱ ጽሑፍም አብሮ መሄድ አለበት።

አይፎን ላይም ታሪኩ ተመሳሳይ ነው። እስከ 2019 ድረስ በአንድ የስዊፍት ስሪት የተፈጨ ላይብረሪ በሌላ ስሪት አይከፈትም ነበር። ስዊፍት 5.1 ሲመጣ ላይብረሪው ለውጭ የሚያሳየውን በጽሑፍ የሚገልጽ ፋይል አብሮ እንዲሄድ ተደረገና ነገሩ ተፈታ። እዚያም መፍትሔው ያው የተጻፈ ዝርዝር ሆነ።

ዝርዝሩ ቢኖርም ዕቃው ካልተገኘ

አንድ ብልህ አንባቢ እዚህ ላይ ያቋርጠኛል። «ዝርዝር ጥሩ ነው፤ ዝርዝሩ ግን ኢንተርኔትን ያምናል» ይላል። ልክ ነው። ከ1999 እስከ 2007 የነበረው ክፍተት እኮ ይህ ነው፦ ዝርዝሩ አለ፣ ዕቃው የለም።

በሰኔ 30፣ 2020 በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለ3 ሳምንት ያህል። አገሪቱ ላይ የደረሰው ሐዘን ከኮድ በላይ ስለሆነ ከዚያ ጋር አላወዳድርም። ከሥራ አንፃር ግን ያ ጊዜ አንድ ነገር አሳየ፦ ላይብረሪዎቹን አስቀድሞ ኮምፒውተሩ ላይ ያወረደ ሰው መሥራት ቻለ፤ አዲስ ፕሮጀክት የጀመረ ወይም ኮምፒውተር የቀየረ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ዝርዝሩ ተሟልቷል፣ የሚያመጣለት ግን የለም።

ኢንተርኔት እያለም ዕቃው ሊጠፋ ይችላል። በመጋቢት 2016 አንድ ሰው 11 መስመር ብቻ የሆነ የጃቫስክሪፕት ላይብረሪ ከኤንፒኤም ሲያነሳ በዓለም ዙሪያ በርካታ ፕሮጀክቶች መገንባት አቃታቸው። በየካቲት 2021 ደግሞ ለዓመታት አንድሮይድ ስቱዲዮ በአዲስ ፕሮጀክት ላይ በነባሪ ያስቀምጠው የነበረው ጄሴንተር የተባለው ማከማቻ ሊዘጋ መሆኑ ተነገረ። እዚያ ብቻ የነበሩ፣ ባለቤታቸው ዞር ብሎ የማያያቸው ላይብረሪዎች ወላጅ አልባ ሆኑ።

ለዚህ የሚሆን ቀላል ነገር አለ፤ እዚህ አገር ብዙ ሲሠራበት ግን አላይም። የሜቨን ማከማቻ ማለት በሥርዓት የተደረደረ ፎልደር ነው። ሰርቨር ላይ መሆን የለበትም። ላይብረሪያችሁን፣ ፖም ፋይሉን፣ የሚጠራቸውንም ላይብረሪዎች እያንዳንዳቸውን ከነፖማቸው በዚያ ፎልደር ደርድሩና ዚፕ አድርጋችሁ ላኩት። በቴሌግራምም ይሁን በፍላሽ። ተቀባዩ ግሬድል ላይ አንድ መስመር ጽፎ ፎልደሩን ያሳያል። ኢንተርኔት ቢጠፋም ይገነባል። ሁሉም ነገር ለየብቻው ስለተቀመጠ አይጋጭም። አንዱ ላይ ቀዳዳ ቢገኝም ያንን ብቻ መቀየር ይቻላል። ዛላው፣ ኮረሪማው፣ አዝሙዱ በየከረጢቱ ሆኖ፣ ላዩ ላይ ስሙ ተጽፎበት እንደማለት ነው።

አንድ ጉዳይ ግን ይቀራል፤ ዝርዝርም ፎልደርም የማይፈቱት። ከኅዳር 1፣ 2025 ጀምሮ ጉግል ፕሌይ አንድሮይድ 15ንና ከዚያ በላይ ያለውን ታሳቢ ያደረጉ አፖች 16 ኪሎባይት የሜሞሪ ገጽ ባላቸው ስልኮች ላይ እንዲሠሩ ጠይቋል። በሲ ወይም በሲ ፕላስ ፕላስ ተጽፈው የተፈጩ ላይብረሪዎች ለዚህ እንደገና መፈጨት ሊኖርባቸው ይችላል። መፍጨት የሚችለው ደግሞ ዛላው ያለው ሰው ብቻ ነው። ላይብረሪውን የሰጣችሁ ድርጅት ከፈረሰ፣ ወይም የጻፈው ልጅ ኮዱን ላፕቶፑ ላይ ይዞ አገር ከለቀቀ፣ አፓችሁ እዚያው ይቆማል። ስለዚህ የተፈጨ ላይብረሪ የሚገዛ ድርጅት ውሉ ላይ አንድ አንቀጽ ያስገባ፦ ሠሪው ቢያቆም ሶርስ ኮዱ ለማን እንደሚተላለፍ።

በ1990ዎቹ የተጻፉ ስንት ደብዳቤዎች፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፎች፣ ስንት ያልታተሙ ልብ ወለዶች ዛሬ በማይከፈት ፍሎፒ ላይ፣ በማይታወቅ ፎንት ቁጥር ሆነው ቀርተዋል። እነዚያን የጻፉ ሰዎች ከሃያ ዓመት በኋላ የሚከፍት አንባቢ ይኖራል ብለው ለማሰብ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ፊደሉን ስክሪኑ ላይ ማውጣት ራሱ ተአምር ነበር። እኛ ያ ምክንያት የለንም። ዝርዝሩን የሚጽፍልን መሣሪያ በአንድ ትዕዛዝ ይሠራል፤ ውጤቱ ጥቂት ኪሎባይት ነው። ቀጣዩን ላይብረሪ ለሰው ስትልኩ፣ ከመላካችሁ በፊት ምንም ባልተጫነበት ባዶ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ላኩት። ካልሠራ፣ የጎደለውን የሚያውቀው ሰው ገና እናንተው ናችሁና አሁኑኑ ጻፉት።